ሃርድዊክ ሆል፦ መስኮቱን ግብር አልደፈነውም፣ ሜሪ ስቱዋርትም አልታሰረችበትም

ሰሞኑን በእንግሊዝ ደርቢሺር ስለሚገኘው ሃርድዊክ ሆል አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ በአማርኛ ወጥቷል። ስለ እንግሊዝ መኳንንት የገጠር ቤቶች በቋንቋችን የሚጻፈው በጣም ጥቂት ስለሆነ ርዕሱ መነሳቱ ያስመሰግናል። ጽሑፉ የተረከው ግን ቤቱን ሳይሆን ስለ ቤቱ ሲወራ የኖረውን ነው። የስኮትላንድ ንግሥት ሜሪ ስቱዋርት ታስራበታለች ይላል። ባለቤቲቱ ቤስ ያለ አንዳች ነዳፊ ብቻዋን አቅዳ አሠራችው ይላል። ከግድግዳው መስታወቱ ስለሚበዛ የቆመው «በተአምር» ነው፣ አንዳንድ መስኮቶች የተደፈኑት በመስኮት ቁጥር ልክ ከሚከፈለው የመስኮት ግብር ለማምለጥ ነው፣ ጣሪያው ላይ ያሉት ፊደሎች ንግሥት ኤልሳቤጥን ለማክበር የቆሙ ናቸው፣ አጠገቡ ያለው ፍርስራሽ ደግሞ በእሳት የጠፋ ነው ይላል። ሲያጠቃልልም ዛሬ ቤቱን የሚጠብቁትን ሰዎች ይወቅሳል፤ ክፍሎቹን አጨልመዋል፣ በሲሚንቶ አንድ ጊዜ አጠንክሮ መገላገል ሲቻል ማለቂያ የሌለው እድሳት ውስጥ ገብተዋል በማለት።

ሃርድዊክ ታስቦበት የተሠራ ቤት ነው። የጭስ ማውጫው የት ይለፍ፣ የትኛው ደርብ ለማን ይሁን የሚሉት ውሳኔዎች ቀድመው ተወስነዋል፤ ዛሬ የሚያስደንቀን መልኩ የመጣው ከነሱ ነው። አፈ ታሪኩ የሚሸፍነው ይህን አሳብ ስለሆነ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሜሪ ስቱዋርት እዚህ ታስራ ነበር»

ይህን ለመመዘን ዓመቶቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። ሜሪ በእንግሊዝ እስረኛ ሳለች ከ1569 እስከ 1584 ጠባቂዋ የሽሩስበሪው ስድስተኛ ኧርል (የመኳንንት ማዕረግ ነው) ጆርጅ ታልቦት ነበር፤ እሱም የቤስ አራተኛ ባል ነው። ሜሪ ፎዘሪንጌይ በሚባል ምሽግ አንገቷን የተቀላችው ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1587 ነው። የዛሬው ሃርድዊክ ሆል መሠረቱ የተጣለው በ1590 መጨረሻ ሲሆን ቤስ የገባችበት በኦክቶበር 1597 ነው። ንግሥቲቱ ከሞተች ከሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ በተጀመረ ቤት ውስጥ ልትታሰር አትችልም። የታሰረችባቸው ቤቶች ደግሞ ይታወቃሉ፤ ተትበሪ፣ ዊንግፊልድ፣ ቻትስዎርዝና ሸፊልድ ናቸው።

ወሬው ያለ ምክንያት አልተነሳም። ቤስና ሜሪ በጥበቃው ዘመን አብረው ተቀምጠው ጥልፍ ይጠልፉ ነበር፤ ሃርድዊክ ደግሞ የዚያ ዘመን ጥልፍ በብዛት የሚገኝበት ቤት ነው። በሜሪ ስም የሚጠራ ክፍልም አለው። ግን ከሜሪ እጅ የወጡት ጥልፎች በአብዛኛው የሚገኙት በኖርፎክ ባለው ኦክስበርግ ሆል ነው፤ የክፍሉም ስም ስለ ነዋሪው የሚመሰክረው የለም።

ጽሑፉ ከዚህ ስህተት ላይ ሌላ ስህተት ገንብቷል። ታላላቆቹ አዳራሾች ሦስተኛው ደርብ ላይ የሆኑት እስረኛዋ በመስኮት ዘላ እንዳታመልጥ ነው ይላል። ነገሩ ወዲህ ነው። ሃርድዊክ ሦስት ደርብ አለው፤ ከታች ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የጣሪያው ከፍታም የመስኮቱም ቁመት እየጨመረ ይሄዳል። ምድር ቤቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ወጥ ቤትና የአገልጋዮች ሥራ የሚካሄድበት ነው። መካከለኛው ደርብ ቤስ ራሷ ከነቤተሰቧ የምትኖርበት ነው። ከሁሉም ከፍ ያለው ላይኛው ደርብ ለክብር እንግዳ የተሠራ ነው። እንግዳው በዋናው በር ገብቶ አዳራሹን ያቋርጣል፤ ከዚያ ቤቱን እየጠመዘዘ ቀስ ብሎ በሚወጣው ሰፊ የድንጋይ ደረጃ ላይ ይወጣል፤ መጨረሻው ላይ የሚደርሰው ትልቁ የግብዣ ክፍል ነው። እዚያ በአብርሃም ስሚዝ የተሠራው ባለ ቀለም የኖራ ቅርጽ ግድግዳውን ከላይ ዙሪያውን ይዞታል፤ የአደን አምላክ ዲያና በጫካ ውስጥ ተቀምጣለች፣ ዙሪያዋን አውሬው ይርመሰመሳል። ከዚህ ክፍል ወደ ማረፊያ ክፍሉ፣ ረጅሙ ጋለሪ ወደሚባለው የመንሸራሸሪያ አዳራሽም ይታለፋል። መንገዱ ሁሉ የተዘጋጀው ደረጃን ለማሳየት ነው። ኪሳራም ነበረው፤ ምግቡ ከምድር ቤት ወጥ ቤት ተነስቶ በሰልፍ ይህን ሁሉ ደረጃ ስለሚወጣ መቀዝቀዙ አይቀርም ነበር። ቤስ ያንን ኪሳራ እያወቀች ተቀብላዋለች።

«ነዳፊ አልነበረውም»

ይኼኛው ነጥብ ግማሽ እውነት ስላለው ረጋ ብሎ ማየት ይገባል። ቤስ በግንባታ ልምድ ያላት ሴት ነበረች። ከሁለተኛው ባሏ ከሰር ዊልያም ካቨንዲሽ ጋር የመጀመሪያውን ቻትስዎርዝ አሠርታለች፤ በ1580ዎቹም ሃርድዊክ ላይ ዛሬ አሮጌው አዳራሽ የሚባለውን ቤት ታሠራ ነበር። የአዲሱ ግንባታ የሒሳብ መዝገብ እስከ ዛሬ አለ፤ ክፍያው በየሁለት ሳምንቱ እየተመዘገበ ቤስ በእጇ ትፈርምበት ነበር። አንዳንዱ ሠራተኛ በቀን፣ አንዳንዱ በቁርጥ ይከፈለዋል። ጆንና ክሪስቶፈር ሮድስ የሚባሉት ግንበኞች፣ ድንጋይና እብነ በረድ የሚቀርጸው ቶማስ አከርስ፣ ሠዓሊው ጆን ባሌቹስ ሁሉም በመዝገቡ በስማቸው አሉ።

ጸሐፊው ለንድፍ የተከፈለ ትልቅ ገንዘብ መዝገቡ ላይ ስላላዩ ነዳፊ አልነበረም ብለው ደመደሙ። በዚያ ዘመን ግን ነዳፊ እንደ ዛሬው ቢሮ ከፍቶ፣ ውል ተዋውሎ ግንባታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚመራ ሰው አልነበረም። ንድፉን ያቀርባል፤ አፈጻጸሙ የግንበኛው አለቃ ይሆናል። የሃርድዊክ ነዳፊ ነው የሚባለው ሮበርት ስሚትሰን ደግሞ ሎንግሊት በሚባለው ታላቅ ቤት ላይ የሠራ፣ በኖቲንግሃም አጠገብ ያለውን ዎላተንን ከ1580 እስከ 1588 ያስገነባ ሰው ነው። የመቃብር ድንጋዩ የዎላተንና የሌሎች ታላላቅ ቤቶች ነዳፊና ቀያሽ ይለዋል። ከሱ እጅ ተርፈው ከቆዩት ንድፎች መካከል ከሃርድዊክ ጋር የሚዛመድ ፕላን አለ። ከሁሉ በላይ ግን ቤቱ ራሱ ይናገራል። በእንግሊዝ ልማድ አዳራሹ ከቤቱ ፊት ጋር ትይዩ ሆኖ፣ መግቢያው በአንድ ጫፉ ይሆን ነበር፤ ስለዚህ የቤቱን ፊት ግራና ቀኙን ማመሳሰል ያስቸግራል። ሃርድዊክ ላይ አዳራሹ ዘጠና ዲግሪ ዞሮ ቤቱን ከፊት እስከ ጀርባ በመሐል ይሰነጥቀዋል። በሩ መሐል ላይ ሆነ፤ የቤቱም ሁለት ጎን ተመሳሰለ። ይህን የሚፈታው ፕላን መሳል የሚያውቅ ሰው ነው። ቤስ ምን እንደምትፈልግ ታውቅ ነበር፤ ስሚትሰን ደግሞ እንዴት እንደሚሆን።

«ከግድግዳው መስታወቱ ይበዛል፤ በተአምር ነው የቆመው»

ከግድግዳው መስታወቱ ይበልጣል የሚለው የአገሩ ሰው ስለ ሃርድዊክ የገጠመው ግጥም ነው። ጽሑፉ ግን እንደ ምሕንድስና ዘገባ ወሰደው። በዚህ ነጥብ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የቤቱ ሁሉ ምሥጢር እዚህ ነውና።

መስታወቱ ከራሱ ክብደት ሌላ የሚሸከመው ነገር የለም። ሸክሙ የት እንደሚወርድ ለማወቅ መጠየቅ ያለበት ምድጃዎቹ የት ናቸው ተብሎ ነው። በተለመደው ቤት ምድጃው የውጭ ግድግዳ ላይ ይሆናል፤ ከምድጃው በላይ ጭሱ የሚወጣበት ሰፊ ጥግጥግ ግንብ እስከ ጣሪያ ድረስ ይሄዳል፤ እዚያ ቦታ ላይ መስኮት አይወጣም። ሃርድዊክ ላይ አብዛኛው ምድጃና ጭስ ማውጫ ወደ ውስጠኛው ወፍራም ግድግዳ ተዛውሯል። ያ ግድግዳ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ የወለሉን ወራጆች ይሸከማል፣ ጭሱንም ያወጣል። የውጭው ግድግዳ ከጭስ ማውጫ ነጻ ስለወጣ ለመስኮት ክፍት ሆነ። ረጅሙ ጋለሪ ይህን በግልጽ ያሳያል፤ በምሥራቅ በኩል የቤቱን ርዝመት ሙሉ 50 ሜትር ያህል ይሄዳል፣ ሁለቱ ትላልቅ ምድጃዎቹ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ናቸው፣ ትይዩው ወገን ሁሉ መስኮት ነው።

ሁለተኛው ነገር ማማዎቹ ናቸው። ስድስት ናቸው፤ በሁለቱ ረጃጅም ጎኖች ሁለት ሁለት፣ በሁለቱ አጫጭር ጎኖች አንድ አንድ። ጽሑፉ ለጌጥ የተጨመሩ አድርጎ ያያቸዋል። ረጅምና ብዙ ቦታ የተከፈተ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ቢሄድ ንፋስ ይገፋዋል፣ ይጎብጣልም። ግድግዳው ወደ ውጭ ታጥፎ ማማ ሲሆንና ሲመለስ ግን፣ አንድ ወረቀት ሲታጠፍ በጠርዙ እንደሚቆመው፣ እጥፋቱ ያጸናዋል። በእያንዳንዱ ማዕዘን ላይ ያለው ጥርብ ድንጋይ መስታወት ያልገባበት ጥግጥግ ግንብ ነው፤ ቤቱን አቅፎ የያዘው እሱ ነው። ተአምር አያስፈልግም።

መስኮቱ ራሱ የድንጋይ ፍርግርግ ነው። ቋሚዎቹ ዘንጎች ከላይ ያለውን አግዳሚ ድንጋይ በየቦታው ይደግፉታል፤ መሐል ላይ የሚያልፉት አግዳሚዎች ደግሞ ረጃጅሞቹን ዘንጎች እንዳይጎብጡ ይይዛሉ። በዚያ ዘመን መስታወት በአፍ ተነፍቶ ስለሚሠራ ትልቅና ዝርግ አድርጎ ማውጣት ከባድ ነበር። ስለዚህ ትንንሽ ተቆርጦ በእርሳስ ዘንግ ይያያዛል። እርሳስ ለስላሳ ነው፤ በፀሐይ ይሰፋል፣ በብርድ ይሰበሰባል፣ በራሱም ክብደት ይወርዳል። ብቻውን ቢተው መስኮቱ እንደ ሆድ ይነፋል። ለዚህ ነው ከውስጥ በኩል አግዳሚ የብረት ዘንግ ተደርጎ የእርሳሱ መረብ በሽቦ የሚታሰርበት። ብልሽቱም የሚጀምረው ከዚሁ ብረት ነው። ጫፉ ድንጋዩ ውስጥ ስለተቀበረ ውኃ ሲያገኘው ይዝጋል፤ ዝገት ደግሞ ከብረቱ በብዙ እጥፍ ቦታ ይፈልጋል፣ ድንጋዩንም ከውስጥ ሰንጥቆ ይጥላል። የሃርድዊክን ዓይነት ቤት የሚጠግን ሰው መስኮቱን ከተመለከተ በመጀመሪያ የሚፈልገው የተሰበረ መስታወት ሳይሆን በዘንጉ ጫፍ ዙሪያ የወጣ ስንጥቅ ነው። የዛገው ወጥቶ በማይዝግ ብረት ወይም በነሐስ ይተካል።

ብርዱንም መካድ አይቻልም። ይህን ያህል መስታወት በደርቢሺር ኮረብታ አናት ላይ ሙቀት ያባክናል። ምድጃዎቹ ወደ ውስጥ መግባታቸው በዚህ በኩልም ይጠቅማል፤ የጋለው ግንብ ሙቀቱን ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ክፍሎቹ ይለቃል። በተረፈ ግድግዳው ሥዕል በተሸመነበት፣ በሚሰቀል የሱፍ ምንጣፍ፣ ወለሉ በደንገል ሰሌን ይሸፈን ነበር።

«መስኮቶች የተደፈኑት በግብር ምክንያት ነው»

ጸሐፊው አንድ እውነተኛ ነገር አይተዋል፤ ሃርድዊክ ላይ ከውጭ መስኮት የሚመስሉ፣ ከውስጥ ግን ብርሃን የማያስገቡ አሉ። የሰጡት ምክንያት ግን ውኃ አያነሳም። የመስኮት ግብር በእንግሊዝ የተጣለው በ1696 ሲሆን የተነሳው በ1851 ነው። የሃርድዊክ ሐሰተኛ መስኮቶች ከቤቱ ጋር አብረው በ1590ዎቹ የተሠሩ ናቸው፤ ከግብሩ መቶ ዓመት ያህል ይቀድማሉ።

ምክንያቱ ከላይ ያየነው ነው። ሁሉም ጭስ ማውጫ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ሊገባ አልቻለም፤ ጥቂቶቹ በውጭ በኩል ማለፍ ነበረባቸው። እዚያ ባዶ ግንብ ቢተው የቤቱ ፊት መመሳሰሉ ይበላሻል። ስለዚህ ከውጭ መስኮት ተደርጎ መስታወት ገባበት፣ ከኋላው ግን ጭስ ማውጫ አለ። ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ከውጭ አንድ ረጅም መስኮት የሚመስለው ከውስጥ በመሐሉ ወለል አልፎበት ለሁለት ዝቅተኛ ክፍሎች ብርሃን ይሰጣል። የቤቱ ፊት ለሚያይ ሰው፣ ውስጡ ለሚኖር ሰው ተሠርቷል፤ ሁለቱ ሲጣሉ የተሸነፈው ውስጡ ነው።

በአንድ አሮጌ ቤት የተደፈነ መስኮት ያየ ሰው ሁለቱን እንዲህ ይለያል። በግብር የተደፈነ መስኮት መስታወቱ ወጥቶ በጡብ ወይም በድንጋይ ተሞልቷል፤ የመሙያው ረድፍ ከአካባቢው ግድግዳ ረድፍ ጋር አይገጥምም፣ የመጋጠሚያው ኖራም ቀለሙ ይለያል። ከመጀመሪያው ሐሰተኛ የሆነ መስኮት ግን ከውጭ መስታወቱ እንዳለ ነው። ግብር ለማምለጥ የደፈነ ሰው ውዱን መስታወት እዚያው ትቶ አይሄድም።

«ፊደሎቹ የንግሥት ኤልሳቤጥ ናቸው»

በማማዎቹ አናት ላይ ከዘውድ ጋር የሚታዩት ሁለቱ የላቲን ፊደሎች «ኢ» እና «ኤስ» ናቸው፤ ኤልሳቤጥ ሽሩስበሪ ማለት ነው፤ ቤስ የኤልሳቤጥ ማቆላመጫ ነው፣ ሽሩስበሪ ደግሞ የባሏ ማዕረግ። ዘውዱም የኧርል ሚስት የምትደፋው እንጂ የንግሥት አይደለም። የንግሥቲቱ ምልክት ቢሆን ሁለተኛው ፊደል «ኤስ» ሳይሆን «አር» ይሆን ነበር። ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት ሃርድዊክን አንድም ቀን አልጎበኘችም።

«ጠባቂዎቹ ቤቱን አጨለሙት»

ይህ ወቀሳ ያሳዝናል፤ የሚወቅሰው ቤቱን ያዳነውን ሥራ ነውና። በመጀመሪያ ቤቱ ለምን ሳይለወጥ እንደቀረ እንይ። ጽሑፉ «ትውልድ ሁሉ እየተንከባከበ ጠበቀው» ይላል። የቤስ ልጆች ዘሮች፣ ኋላ የዴቮንሺር ዱክ የሚለውን የመኳንንት ማዕረግ ያገኙት፣ ዋና መኖሪያቸው ቻትስዎርዝ ነበር። ፋሽን በተለወጠ ቁጥር ገንዘባቸውን ያፈሰሱት እዚያ ነው፤ ሃርድዊክ ሁለተኛ ቤት ሆኖ ስለቀረ ማንም አፍርሶ አላደሰውም። አሥረኛው ዱክ በ1950 ሲሞት የውርስ ግብሩ እጅግ ከባድ ሆነ፤ ቤቱ በግብር ፈንታ ለመንግሥት ተሰጥቶ በ1959 ናሽናል ትረስት ወደሚባለው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ተላለፈ። የዘጠነኛው ዱክ ባልቴት ኤቭሊን እስከ ዕለተ ሞቷ እስከ 1960 እዚያው ኖራለች፤ ምንጣፎቹን በራሷ መርፌ ስትጠግን የኖረች ሴት ናት።

በረጅሙ ጋለሪ ላይ የተሰቀሉት 13 ምንጣፎች ከመጽሐፈ መሳፍንት የምናውቀውን የጌዴዎንን ታሪክ ይተርካሉ። በ1578 በፍላንደርስ ለሰር ክሪስቶፈር ሃተን የተሸመኑ ናቸው፤ ቁመታቸው 6 ሜትር ያህል፣ ጎን ለጎን ሲዘረጉ ከ70 ሜትር በላይ ናቸው። ሃተን ሲሞት ቤስ በ1592 በ326 ፓውንድ ከ15 ሽልንግ ከ9 ፔንስ ገዛቻቸው። የሃተንን አርማ መሸፈን ስለሚያስፈልግ 5 ፓውንድ አስቀንሳለች። በላዩ የራሷ አርማ በጨርቅ ተሥሎ ተሰፋ፤ የሃተን ምልክት የነበረችው እንስት አጋዘን ቀንድ ተጨምሮላት የካቨንዲሽ ወንድ አጋዘን ሆነች።

አሁን ወደ ብርሃኑ። የዚያ ዘመን ሸማኔ አረንጓዴ የሚያወጣው ሰማያዊ የተነከረውን ክር በቢጫ ቀለም እንደገና ነክሮ ነው። ቢጫው ብርሃን አይችልም፣ ቀድሞ ይጠፋል። ስለዚህ የድሮ ምንጣፍ ላይ ሣሩና ቅጠሉ ሰማያዊ ሆኖ የሚታየው ሸማኔው ስለተሳሳተ አይደለም። ጉዳቱ ተደማሪ ነው፤ 500 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ብርሃን በአንድ ሰዓት የሚያደርሰውን ጉዳት 50 ሉክስ በ10 ሰዓት ያደርሰዋል። በሙዚየም ሥራ ለእንዲህ ያለ ጨርቅ የሚፈቀደው 50 ሉክስ ነው። በዚህ ልክ በዓመት 3,000 ሰዓት ቢከፈት 150,000 የሉክስ ሰዓት ይሆናል። በጠራ ቀን ደጅ ያለው ብርሃን ግን በአሥር ሺዎች ሉክስ ይቆጠራል፤ መከለያ በሌለው በዚያ ሁሉ መስኮት የዓመቱ ድርሻ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልቃል። የጠፋ ቀለም አይመለስም። መጋረጃው፣ የመስኮት መዝጊያውና የአልትራቫዮሌት ማጣሪያው ያሉት ለዚህ ነው።

ከብርሃኑ ሌላ ክብደቱም አለ። እንዲህ ያለ ምንጣፍ የሚሸመነው ወደ ጎን ነው፤ ሲሰቀል ጠንካራው ድር አግድም ይሆናል፣ ሸክሙ በሙሉ በድሩ ላይ ሳይሆን በማጉ ላይ ይወድቃል። ማጉ ውስጥ ያለው ሐር ደግሞ በብርሃን ቀድሞ የሚደርቀው ነው። በዚህ ላይ የአካባቢው የድንጋይ ከሰል ጥቀርሻ አሲድ ይዞ ክሩን ይበላል። ጥገናው በቅደም ተከተል ይሄዳል። ከኋላ የተሰፋው አሮጌ ገበር ይፈታል፤ አቧራው በመምጠጫ ይነሳል፤ ምንጣፉ ወደ ቤልጅየም ተልኮ ተዘርግቶ ይታጠባል፤ ከዚያ በኖርፎክ ባለው የትረስቱ የጨርቃ ጨርቅ ጥገና ቤት ውስጥ ሙሉ የበፍታ ገበር ከኋላው ይገባና የደከመው ቦታ ሁሉ ቀለሙን በሚመስል ክር ከገበሩ ጋር በእጅ ይሰፋል። ሸክሙን ከዚያ በኋላ የሚይዘው በፍታው ነው። የ13ቱ ሥራ 24 ዓመት ፈጅቶ በ2023 ተጠናቀቀ፤ ወጪውም 1.7 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ። ጊዜው የረዘመው በስንፍና አይደለም፤ እያንዳንዱ ስፌት በእጅ ስለሆነ ነው።

«በሲሚንቶ አንድ ጊዜ መገላገል ይቻላል»

ከጽሑፉ ሁሉ አደገኛው ምክር ይህ ነው። በአገራችንም አሮጌ ግንብ ያለው ሰው አንብቦ ሊተገብረው ይችላል።

ሃርድዊክ የተሠራው ከዚያው ኮረብታ በተፈለጠ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ ውኃ ይጠጣል፣ መልሶም ይተነፍሳል። መጋጠሚያው በኖራ ሲሞላ ውኃው በኖራው በኩል ይወጣል፤ የሚጎዳው ነገር ቢኖር ኖራው ነው፣ እሱን ማደስ ደግሞ ቀላል ነው። መጋጠሚያው በሲሚንቶ ሲዘጋ ውኃው መውጫ ያጣል፤ በድንጋዩ ፊት በኩል ይተናል፣ የሟሟውን ጨው እዚያው ትቶ። ጨው ሲደርቅ እየገፋ የድንጋዩን ፊት ያረግፈዋል፤ በብርድ ወራት ደግሞ የታመቀው ውኃ በረዶ ሆኖ ይሰነጥቀዋል። ጥቂት አሥርት ዓመታት ሲያልፉ ሲሚንቶው ጠርዙ እንደቆመ ይቀራል፣ ድንጋዩ ወደ ውስጥ ይበላል። ጎንደር ፋሲል ግቢ በ1930ዎቹ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሲሚንቶና በአርማታ ከተነካካ በኋላ በኖራ መልሶ መጠገን ያስፈለገው በዚሁ ምክንያት ነው።

ትክክለኛው አሠራር ይኸው ነው። የሞተው መሙያ በእጅ መሮ ቢያንስ የመጋጠሚያውን ስፋት ሁለት እጥፍ ያህል ወደ ውስጥ ይወጣል፤ በሰፋፊ መጋጠሚያ ከ25 ሚሊሜትር ባያንስ ይሻላል። የኤሌክትሪክ መቁረጫ ክልክል ነው፣ የድንጋዩን ጠርዝ ይበላዋል። አቧራው ታጥቦ ድንጋዩ ይረጥባል፤ ደረቅ ድንጋይ የኖራውን ውኃ ቀድሞ ይመጠዋል፣ ኖራውም ዱቄት ሆኖ ይቀራል። አንድ እጅ ኖራ ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ ተቀላቅሎ፣ ወፈር ብሎ፣ ተጠቅጥቆ ይገባል። ሁለትና ሦስት ሚሊሜትር ብቻ ላለው የጥርብ ድንጋይ መጋጠሚያ አሸዋው እጅግ የደቀቀ መሆን አለበት። ከዚያ እርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ለበርካታ ቀናት እንዳይደርቅ ይጠበቃል። ከ5 ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ አይሠራም፤ ሳይጠነክር ውርጭ ካገኘው ሥራው ሁሉ ይረግፋል።

ድንጋይ መቀየር ካስፈለገም አዲሱ ድንጋይ የሚቀመጥበት አቅጣጫ ወሳኝ ነው። የአሸዋ ድንጋይ ተነባብሮ የተፈጠረ ነው፤ ንብርብሩ ግድግዳው ውስጥ አግድም መተኛት አለበት። ፊት ለፊት ከቆመ እንደ መጽሐፍ ገጽ እየተላጠ ይወርዳል። የመስኮቱ ዘንጎች ረጃጅምና ቀጫጭን ስለሆኑ ብዙ ጊዜ ንብርብራቸው ቆሞ መቀረጹ አይቀርም፤ ከቤቱ ሁሉ ቀድመው የሚደክሙትም እነሱ ናቸው። እድሳቱ የማያልቀው ድንጋዩ ለስላሳ፣ መስኮቱ ብዙ ስለሆነ ነው።

ጣሪያውም በእርሳስ የተሸፈነ ነው፤ እሱም የራሱ ሕግ አለው። ሦስት ሜትር የሚረዝም የእርሳስ ሉህ ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ሲለዋወጥ ከ4 ሚሊሜትር በላይ ይሄዳል፣ ይመለሳልም። ሁለት ጫፉን በምስማር የመታ ሰው ሉሁን በራሱ እጅ ሰንጥቆታል። ለዚህ ሉሁ በትንንሹ ይቆረጣል፣ ከላይኛው ጫፍ ብቻ ይታሰራል፣ ጠርዙ ድቡልቡል እንጨት ላይ ይጠቀለላል። ከሥሩ አየር የማያልፍ ከሆነ ላቦቱና ኦክ ከሚባለው የአውሮፓ ዛፍ እንጨት የሚወጣው አሲድ እርሳሱን ከታች በልተው ነጭ ዱቄት ያደርጉታል፤ ከላይ የሚያይ ሰው እስኪያፈስ ድረስ አያውቅም።

ስለ ፍርስራሹ

አሮጌው አዳራሽ በእሳት አልጠፋም። ቤስ ከ1587 ጀምሮ ታሠራው የነበረ ሲሆን አዲሱ ከተጀመረም በኋላ ሥራው ቀጥሎ ነበር። ሁለቱ ቤቶች ጎን ለጎን አብረው አገልግለዋል፤ አዲሱ የማይችለውን የሰው ብዛት አሮጌው ይይዝ ነበር። ጣሪያው የተነሳውና ከፊሉ የፈረሰው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዱኮቹ ሁለት ቤት ማቆየት ትርፍ ወጪ ሆኖባቸው ነው። ባዶ ግድግዳው ላይ፣ ወለል በሌለበት አየር ውስጥ፣ ከምድጃዎቹ በላይ የኖራ ቅርጾቹ ዛሬም ይታያሉ። ለመጎብኘት የሚያስብ ሰው ይህን ልብ ይበል፦ አዲሱን አዳራሽ የሚያስተዳድረው ናሽናል ትረስት፣ አሮጌውን ደግሞ ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ የሚባል ሌላ የቅርስ ድርጅት ስለሆነ የመክፈቻ ቀናቸውን ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል።